ሮዙ አንቲፍሪዝ

«አረንጓዴውን ውሰድ፤ ርካሽ ነው» አለው መለዋወጫ ሻጩ።

«እሱ መርዝ ነው። ጀልባዋ ስትነሳ ሐይቁ ላይ ነው የሚፈሰው፤ ዓሣውን ይፈጅብኛል። ሮዙ ምን ያህል ብርድ ይችላል?»

ሻጩ ጀሪካኑን አገላብጦ አነበበ። «ከዜሮ በታች ሃምሳ ዲግሪ።»

«ይበቃል።»

የጀልባዋን ሞተር የላከለት የሚስቱ እህት ባል፣ ኖርዌጂያዊው ኦላቭ ነው። «ብርዱ ሳይገባ አንቲፍሪዝ ሙላበት፤ አለዚያ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ይሰነጥቀዋል» እያለ በየዓመቱ ይደውላል።

ሰውየው መካኒክ አልጠራም። እጅጌውን ሰብስቦ ውሃውን አንጠፈጠፈና ሮዙን ፈሳሽ ሞላ። ከዚያ ለኦላቭ በቪዲዮ ደውሎ አሳየው።

«ጎበዝ» አለ ኦላቭ፣ ጺሙ በረዶ እንደለበሰ። «ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል?»

«ተመስገን፣ እየቻልነው ነው።»

ሚስቱ ከጀርባው በአማርኛ ሹክ አለችው። «ዘንድሮም ሳትነግረው?»

«ሞተር የሚያህል ነገር ልኮልኝ እንዴት ላሳፍረው?» አላትና የግንባሩን ላብ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ከዚያም ስልኩን ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው አዞረው፤ ከሙቀቱ ሸሽተው ጣና ውስጥ እስከ አፍንጫቸው የተነከሩት ጉማሬዎች እንዳይታዩ።