የወረቀት ፍቺ

ፀዳለና ወንድይራድ የተፋቱት ተጣልተው አልነበረም። የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲመጣ ለባልና ሚስት አንድ ቤት ብቻ ተባለ። ወንድይራድ አንድ ማታ የልጃቸውን የጸጋን እግር እያጠበ፣ «ወረቀት ነው እኮ» አላት። ፍርድ ቤት ሄደው በስምምነት ተለያዩ፤ ሲወጡም አንድ ሳምቡሳ ለሁለት ተካፍለው በሉ። እንዲህ የሚዋደዱ ተፋቺዎችን ያቺ ከተማ አይታ አታውቅም።

እሱ ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራየ። እሷ ሁለተኛ ክፍል የገባችውን ጸጋን ይዛ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወይዘሮ ዘውድነሽ ግቢ ካለችው ሰርቪስ ቤት ቀረች። ዕጣው ሲወጣ በአንዱ ሊኖሩ፣ ሌላውን ሊያከራዩ ነው። ፀዳለ የምትመኘው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ቤቴን ልቀቂልኝ» የሚላት ሰው የማይደርስበት፣ ከባሏ ጋር የምትዘጋው የራሷ በር።

ችግሩ፣ ከወረዳ እየመጡ በውሸት የተፋታውን ከምዝገባ ያወጣሉ የሚል ወሬ ነበር። አብረው ከታዩ ሁለቱም ቤት ገደል ገባ።

ካላንደሩን ያመጣው ወንድይራድ ነው። የቢሮ ሰው ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ አገኘው፤ የተፋቱ ወላጆች ልጅ የሚያሳድጉበት ነገር ነው አላትና ስልኳ ላይ ጫነላት። አረንጓዴው የእሷ ቀን፣ ሰማያዊው የእሱ። አንዱ የጻፈው በሌላው ስልክ ይታያል። የትምህርት ቤቱ ስብሰባ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የሳል ሽሮፑ ሁሉ እዚያ ይገባል።

«ማንም ስልክሽን ቢያይ የምር የተፋቱ ናቸው ይበል» አላት። «ቫይበር ላይም ውዴ ምናምን የለም። አትደውይልኝ ደግሞ፤ ግድግዳው ስስ ነው።»

እሷም ታዘዘች። «ጸጋ ሳል አላት። ሽሮፑ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። አመሰግናለሁ» ብላ ለገዛ ባሏ ስትጽፍ መጀመሪያ ሰሞን ትራሷን ነክሳ ትስቅ ነበር። በኋላ ሳቁ አለቀ፣ «አመሰግናለሁ» ብቻ ቀረ።

በሰማያዊ ቀን እሱ ከግቢው በር ውጭ ይቆማል፣ እሷ ከውስጥ። «ደህና ነሽ?» «ደህና።» ልጅቷ በመሃል ታልፋለች፤ ከተማ አዙሯት ሳይመሽ እዚያው በር ላይ ይመልሳታል። የወይዘሮ ዘውድነሽ መስኮት ከበሩ ትይዩ ነው፤ ወንድማቸው ደግሞ ወረዳ ይሠራል። መጋረጃው በተነቃነቀ ቁጥር ፀዳለ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች።

ቤተ ክርስቲያንም አልቀረላትም። የጉባኤው ሽማግሌዎች ቤቷ ድረስ መጥተው፣ ትዳሯ እንዲታደስ እያለቀሱ ጸለዩላት። ላልፈረሰ ትዳር አሜን ስትል አፈረች። ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም፤ እነሱ ግን ሐዘኗ የጸናባት መስሏቸው ጸሎቱን አረዘሙት።

የእነሱ የምትባል ጊዜ የእሑድ ከሰዓት ብቻ ነበረች። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በላይ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ጴንጤ ስለሆኑ እዚያ የሚያውቃቸው የለም። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ተደብቀው የሚገናኙ ውሽሞች መስለዋቸው ፊታቸውን ያዞራሉ።

በዚያ መኸር የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ካላንደሩም ቫይበሩም ጸጥ አሉ። ወንድይራድ በዚያ ሁሉ ሳምንት አንድ እሑድ ብቻ መጣ፤ ቆሎውን ሳይጨርስ ጭኗ ላይ ተኝቶ አንኮራፋ። ሥራ ገድሎኛል አላት። አሳዘናትና እስኪነቃ እግሯ ደንዝዞ ጠበቀችው።

በዚያው ሰሞን ወይዘሮ ዘውድነሽ ሲ.ኤም.ሲ አራስ ጠይቀው ሲመለሱ፣ ነጠላቸውን ሳያወልቁ በቀጥታ ፀዳለ በር ላይ መጥተው ቆሙ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከልጅቷ አባት ጋር እውነት ተፋታችኋል?»

ፀዳለ ክው አለች። ይኸው፣ ወንድምየው ልኳቸዋል።

«እውነት ነው እትዬ። ካላመኑኝ ስልኬን ይዩት።»

አረንጓዴውንና ሰማያዊውን፣ ያንን ሁሉ «አመሰግናለሁ» ከፈተችላቸው። ወይዘሮ ዘውድነሽ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ከልብሽም ወጥቷል?»

«ከልቤም ወጥቷል።»

«እንግዲያስ ተመስገን» አሉ ሴትየዋ፣ በረጅሙ ተንፍሰው። «እንዲህ ከሆነማ ምንም አልልም።»

ፀዳለ በሯን ዘግታ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ፈተናውን አልፋለች። ይህን ደስታ ግን የምትነግረው ሰው አልነበራትም፤ መደወል አይቻል፣ መጻፍ አይቻል። የራሷን በር ፍለጋ ገብታ፣ በዚያች ሰርቪስ ቤት ታስራ የቀረች መሰላት። ቢሆንም ቤቱ ተርፏል፣ ባሏም ባሏ ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

ኢንተርኔቱ የተመለሰው ጠዋት ላይ፣ የጸጋን ፀጉር እየሠራች ሳለ ነው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይንጫጫ ጀመር፤ ተጠራቅሞ የከረመው ሁሉ ተከታትሎ ገባ። ማበጠሪያውን በጥርሷ ነክሳ ካላንደሩን ከፈተችው።

ወንድይራድ ማንም በማያይበት ጊዜ ሳይቀር ሲጽፍ ከርሟል። የጸጋ የወላጆች ስብሰባ፣ ሰማያዊ። የጸጋ የስፖርት ጫማ፣ ሰማያዊ። እንዲህ ነው እንጂ ባል፣ አለች በሆዷ፤ ፊቷም ከስንት ጊዜ በኋላ በራ። የሚመጣው ቅዳሜ የእሷ ነበር፣ አረንጓዴ። እዚያም ላይ አንድ ሰማያዊ ተቀምጧል። ናፍቆን ተጨማሪ ቀን ፈልጎ ነው ብላ ነካችው።

«የሕፃኑ የአርባ አምስት ቀን ክትባት። ካርዱን እንዳልረሳ።»