አንድ እጅ በሁለት

የሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ኃላፊ ጸጋው በረኪናውን አሁንም መለሰው። ረውዳ ከኮምቦልቻ ደሴ ፒያሳ ድረስ ይዛው የሄደችው በከንቱ ሆነ።

"አንሶላው አልነጣም። የተስማማነው በአራት ፐርሰንት ነው፤ ይኼ ሦስት ነው። አንዴ ከደገምሽ ውሉን ለሌላ ሰጥቻለሁ።"

ቤቷ ስትገባ ደሟ ፈልቶ ነበር። ስሌቱን ሕፃን አይስተውም፤ ከጠንካራው፣ ከአሥራ ሁለት ፐርሰንቱ በረኪና አንድ እጅ፣ ከውሃ ሁለት እጅ፣ አራት ይመጣል። ራሷ ለካች፣ ራሷ በጠበጠች፣ የመመርመሪያ ወረቀቱን ነከረች። ሦስት።

እናቷ ፋጡማ ባዶ ጆግ ይዘው ከጓዳ ብቅ አሉ።

"ምነውሳ ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ?"

"ሥራችን ሊዘጋ ነው እማዬ። ዱዓ አድርጊልኝ።"

"ዱዓውንማ መቼ ተውኩት?"

ውሃው ልክ ከሆነ ጥፋቱ ከጠንካራው ነው። እሱ ያለው ጓዳ፣ በትልቁ ጀሪካን ነው፤ ከእሷና ከሸሪኳ ከሳሊሃ ሌላ ማን ይቀዳዋል? ጀሪካኑ ደግሞ ቢቀዱት ቢቀዱት ቶሎ አይጎድልም። ረውዳ መጀመሪያ በረካ ገብቶበታል ብላ ደስ ብሏት ነበር፤ ሞኝነቷ አሁን አናደዳት። የሳሊሃ ወንድም ደጋን ከተማ የበረኪና ሱቅ አለው። ጠንካራው ወደዚያ ይሄዳል፣ እዚህ በውሃ ይተካል።

"ወላሂ አልነካሁም" አለች ሳሊሃ ስትጠይቃት። "ከፋብሪካ ሥራ አብረን ወጥተን፣ ከአንድ ሳህን በልተን፣ እኔን?"

"ሒሳብ አይዋሽም።"

ሳሊሃ ሽርጧን ፈትታ ወንበር ላይ ጣለችው።

"አላህ ያውጣው" ብላ ሄደች።

ረውዳ አዲስ ጀሪካን ከፈተች። የመጀመሪያው ብጥብጥ ልክ አራት መጣ። ይኸው፣ ሌባው ሲወጣ ቤቱ ጠራ አለች።

በሳምንቱ እንደገና በጠበጠች። ወረቀቱን ነክራ ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች፣ መልሳ ነከረች። ሁለት።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ጸጋው ነገ ይጠብቃታል፤ የምትከሰውም ሰው አልቀረም።

"እማዬ፣ ዱዓሽም አልያዘልኝም።"

"እንዴት አይዝም?" አሉ ፋጡማ። "ቁርአን የተቀራበት ውሃ በየሱብሒ ሶላቱ አንድ ጆግ ትልቁ ጀሪካን ላይ እጨምርልሽ የለ? ሰሞኑንማ መከፋትሽን አይቼ ሁለት አድርጌዋለሁ።"