ወለሉ አጠገብ የተለጠፈችው ወረቀት

አምቦ ባለችው ጠባብ ቢሮ፣ መቲ ከግድግዳው ፊት ቆማ አንገቷን ደፋች። እሷና ጓደኞቿ በሚሠሩት የስልክ መተግበሪያ ላይ የሚቀረው ሥራ ሁሉ በየወረቀቱ ተጽፎ፣ ጥያቄው በመጣበት ቀን ተራ ከላይ እስከ ታች ተለጥፏል። የሕፃናትን ክትባት በዚሁ መተግበሪያ የሚከታተሉት የጤና ሠራተኛ አዴ ቶለሺ፣ ከባኮ ገጠር ድረስ መጥተው፣ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ጥያቄ ወለሉ አጠገብ አገኙት፦ «ኔትወርክ በሌለበትም ይሥራ።»

«ተራ ሆኖብን ነው አዴ» አለች መቲ። «ለከርሞ ይደርሳል።»

«የዘንድሮዎቹን ሕፃናት የክትባት ቀን ታዲያ ማን ያስታውሰኝ?» አዴ ቶለሺ ሳቅ አሉ። «ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ ወፍጮ ቤት ሄደሽ አታውቂም? ኋላ የመጣም ቢሆን፣ መንገዱ ሩቅ ከሆነ ‹ቅደሚ፣ ሳይመሽብሽ› ይባል የለም ወይ?»

መቲ መች አጣችው! ልጅ ሳለች የእናቷን በቆሎ ተሸክማ ስንቴ አስቀድመዋታል። የአዴን ወረቀት ቀስ ብላ ላጠቻት፤ ሙጫዋ አቧራ ጠጥቶ አልይዝ አለ። ከሁሉ በላይ የነበረችው «ቀለሙ ይቀየር» የምትል የራሷ ወረቀት ነበረች። እሷን አነሳችና፣ የአዴን በቦታዋ በፕላስተር ግጥም አድርጋ ለጠፈች።

«ይቅደሙ አዴ» አለች፤ «ሳይመሽብዎ።»