የእትዬ ትከሻ

«እዚህ ወንበር ላይ ስትቀመጥ አንተ ቀረህ፤ እሳቸውን ሆነሃል» ይላል አሠልጣኙ፣ የፕላስቲኩን ወንበር በእግሩ ወደ ክፍሉ መሐል እየገፋ። «አነጋገርህም፣ አስተያየትህም፣ ኩርፊያህም የእሳቸው ነው። በል።»

ወጣቱ ተመራማሪ ይቀመጣል። የአመራር ሥልጠናው ሁለተኛ ቀን ነው፤ ከምሳ በኋላ ያለችው ያቺ እንቅልፍና ንቃት የሚላተሙባት ሰዓት። ፀሐይ በመጋረጃው ክፍተት ገብታ ወለሉ ላይ ተጋድማለች። ሃያ የሚሆኑ ጀማሪ የሕክምና ተመራማሪዎች ዙሪያውን ተኮልኩለዋል። ስም መያዝ ስላቃታቸው ከትናንት ጀምሮ የሚጠራሩት በሚያጠኑት በሽታ ነው፤ ወባው፣ ሳንባዋ፣ ስኳሯ። እሱ ኩላሊቱ ነው።

«ኩላሊት፣ ቀና በል እንጂ!» ይላል ወባው ከኋላ። «ጠጠር ያለብህ አስመሰልከው እኮ!»

ሳቁ ከሩቅ፣ ከውሃ ሥር የሚመጣ ይመስለዋል።

ለልምምዱ የተመረጠው ጉዳይ የራሱ ነው፤ ጠዋት በካርድ ጽፎ የሰጠው። ከወር በፊት፣ አንድ ዓርብ፣ የቡድን መሪ ሆኖ ተሾመ። በዚያው ዕለት የናሙናው ማቀዝቀዣ በር ሳይገጥም ቀርቶ ኖሮ፣ ሰኞ ጠዋት ሲገቡ የአራት መቶ ሕሙማን ደም ቀልጦ ጠበቃቸው። የሦስት ዓመት ልፋታቸውን ውሃ በላው። በሩ ላይ በተለጠፈው መመዝገቢያ የዓርብ የመጨረሻዋ ፊርማ የእትዬ ናት፤ የላቦራቶሪው አንጋፋ ባለሙያ፣ እሱ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ጀምሮ ደም ሲቀዱና ሲያስቀምጡ የኖሩ። ሲጠየቁ ያሉት አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ «እኔ ዘግቼዋለሁ፣ ልጄ።» እሳቸውን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት የሚያዛውረው ደብዳቤ አሁን ቦርሳው ውስጥ ነው። ከዚህ እንደወጣ ሊፈርምበት ነው። የጨነቀው እንዴት ብሎ እንደሚነግራቸው ነበር፤ ሌላ ነገር አልነበረም።

ሳንባዋ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። አለቃዋ እሷ ናት፤ ማለትም እሱን ሆናለች፤ እሱ ደግሞ እትዬን። መነጽሯን በጣቷ ገፋ አድርጋ ጉሮሮዋን ጠረግ ታደርጋለች፤ ቁርጥ እሱን። ክፍሉ ያውካካል።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ልጆች ደህና ናቸው?»

«አቤት ሥልጣን!» ይላል ወባው። «መጀመሪያ ስለ ልጆቹ ይጠይቅና ከዚያ እናትየውን ያባርራል።»

«ወባ፣ አትንደፈን» ይላል አሠልጣኙ። «ቀጥሉ።»

ሳንባዋ እጇ ላይ ወዳለው ወረቀት ዓይኗን ጣል አድርጋ ትተወዋለች። «እትዬ፣ እስቲ ያን ዓርብ በሩን እንዴት እንደዘጉት ይንገሩኝ።»

አፉን ይከፍታል። ቃል ከመውጣቱ በፊት ግን ቀኝ ትከሻው ብድግ ይላል። እሱ አላዘዘውም።

ክፍሉ በቀስታ ይነጣል። ያ ነጭ ጭጋግ፣ ማቀዝቀዣው ሲከፈት እግር ሥር የሚፈስሰው፣ በወንበሮቹ መሐል ሲሳብ ያየዋል። እትዬ ጭጋጉ ውስጥ ቆመዋል። የበሩ ጎማ ላይ የጋገረውን በረዶ በጨርቅ ይጠርጋሉ፤ በትከሻቸው ገፋ፣ ገፋ ያደርጉታል፤ ከዚያ ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ይከድናሉ። አንድ ቀን፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ ምን እንደሚያዳምጡ ጠይቋቸው ነበር። «ሲተኛ ነዋ» አሉት። «እፎይ ብሎ ሲተኛ ይሰማል። ሳይተኛ ጥለኸው አትሄድም፣ ልጄ።» በነዚያ ዓመታት ሁሉ፣ አንድ ቀን እንኳ ቸኩለው ሲሄዱ አላያቸውም።

«በጨርቅ ጠረግሁት» ይላል። ድምፁ የሱ አይመስልም። «በትከሻዬ ገፋሁት። ጠበቅሁት። ተኛ።»

«ከእርስዎ በኋላስ የከፈተው ሰው የለም?»

ተራ ጥያቄ ናት። ሳንባዋ ምንም አታውቅም።

ስልክ ይጮኻል፤ እዚህ አይደለም፣ እዚያ ነው፣ ዓርብ ላይ። እናቱ ናት። «አለቃ ሆነ አሉኝ! እውነት ነው፣ የኔ ጌታ? እስቲ አንተው በአፍህ ንገረኝ!» አንድ እጁ ስልኩን ይዟል፣ ሌላው የናሙና ሣጥን። እናቱ ስትስቅ፣ መልሳ ስታለቅስ፣ እሱም እየሳቀ የማቀዝቀዣውን በር በተረከዙ መታ አድርጎ ወጣ፤ እንደ ጓዳ በር። ፊርማ የሚባል ነገር ትዝም አላለው። ከዚያ ቀን ልቡ ውስጥ የቀረው የእናቱ ሳቅ ብቻ ነበር። አሁን ከሳቁ ሥር፣ ቀስ ብሎ መልሶ ገርበብ የሚል በር ይሰማዋል።

«እትዬ?» ትላለች ሳንባዋ። «ማን ነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንዴ! እትዬ አመኑ!» ይላል ወባው።

አሠልጣኙ ማርከሩን ያነሳል። «ቆይ፣ ቆይ። ይሄን ያልከው እንደ እሳቸው ነው እንደ ራስህ?»

ቦርሳውን ከወንበሩ ሥር አንስቶ፣ የተጋደመችውን ፀሐይ ተራምዶ ይወጣል። «ኧረ ልምምዱ አላለቀም!» የሚል ድምፅ ይከተለዋል።

ኮሪደሩ ባዶ ነው። ከኋላው የአዳራሹ በር ገርበብ ብሎ ቀርቷል። ስልኩን አውጥቶ እየደወለ ጥቂት እልፍ ካለ በኋላ ይመለሳል። በትከሻው ገፋ፣ ገፋ ያደርገውና አንዱን ጆሮ ከእንጨቱ ያስጠጋል፤ ሌላው ላይ ስልኩ ይጠራል። ይጠራል። ዓይኑን ይከድናል። በሩ ቀስ ብሎ ሲገጥም ይሰማዋል።

«አቤት፣ ልጄ» ይላሉ እትዬ።