ከጣውላው ጀርባ

መሐንዲሱ ልጁን ገና በጠዋቱ ጎረቤት ቤት ሰደዳት። ወሬ በሆዷ አያድርም፤ ዛሬ ደግሞ እንግዳ ፊት እንዲወጣ የማይፈልገው ወሬ ነበረ።

ከምሳ በኋላ ዳይሬክተሯ ትመጣለች። የአዲሱን አዳራሽ የድምፅ ክፍል ማን እንደሚመራ የምትወስነው እሷ ናት። መሐንዲሱ በገዛ ራሱ ስለነደፋቸው ድምፅ ማጉያዎች መሥሪያ ቤት ውስጥ ያልነገረው ሰው ስለሌለ፣ እስቲ ቤትህ መጥቼ በጆሮዬ ልስማቸው ብላዋለች።

ዕቃዎቹ ሳሎን ውስጥ ቆመዋል። ዓይን አይሞሉም። ሁለት ሰፋፊ ጣውላዎች፣ በየጣውላው ላይ ሁለት ክብ ቀዳዳ፣ በየቀዳዳው አንድ ስፒከር፤ በቃ። ሳጥን የላቸውም። ጀርባቸው ክፍት ስለሆነ ገመዱም ማግኔቱም ራቁቱን ይታያል፤ ድምፁም ወደ ፊትና ወደ ኋላ እኩል ይወጣል። ችግሩ ወፍራሙ ድምፅ ላይ ነው። ከፊት የወጣውና ከኋላ የወጣው ዞረው ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ስለዚህ መሐንዲሱ ይህን ወፍራም ድምፅ፣ ቤዙን፣ የራሳቸው አምፕሊፋየር ላላቸው፣ ሰብዎፈር ለሚባሉ ሁለት የቤዝ ድምፅ ማጉያዎች ሰጥቶታል። እነሱ በሳጥን ታሽገው ጥግ ጥጋቸውን ይዘዋል። የእነሱንና የጣውላዎቹን ድምፅ ለማስማማት ግራ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ወራት አልፈውታል።

በንድፉ አያፍርም። የሚያፍረው በእንጨቱ ነው። ጣውላውን የቆረጡለት አናጢ የሬሳ ሣጥን ሠሪ ናቸው፤ እንጨቱም ከዚያው ከሱቃቸው የተረፈ ነው። ይህ ነገር ቢሰማ መሥሪያ ቤት ውስጥ ምን የሚል ስም እንደሚወጣለት ሲያስበው ጆሮው ድረስ ይግል ነበር።

አናጢው ጠዋት መጥተው የአንዱን ጣውላ እግር አስተካከሉ። ሲንቀጠቀጥ ድምፁን ያበላሽ ነበር። ሲጨርሱ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠራርገው ወደ መሀሉ ወንበር አመሩ። ሙዚቃው ጥርት ብሎ የሚሰማው እዚያ ነው።

«እዚያ አይሆንም» አለ መሐንዲሱ። «ልብስዎ ኮላ ነክቶታል።»

አናጢው ወደ ልብሳቸው ጎንበስ ብለው አዩና አፈሩ። እውነትህን ነው፣ ልብ አላልኩትም አሉ። ሚስቱ ሳትጠይቅ ያለ ስኳር የቀዳችውን ሻይ በሁለት እጇ አቀረበችላቸውና ባሏን በዓይኗ ወደ ማድ ቤት ጠራችው።

«ነገ ፊታቸውን በምን ዓይንህ ልታይ ነው?» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ዛሬን ብቻ። ዛሬ ይለፍልኝ እንጂ።»

ከምሳ በፊት ሊሸኛቸው ነበር ሐሳቡ። በሩ ግን ተንኳኳ። ዳይሬክተሯ ስብሰባዋ ተሰርዞ ቀድማ መጣች።

ቤቱ ሌላ መውጫ የለውም። ከአንደኛው ጣውላ ጀርባ በርጩማ ነበረችና አናጢውን ወደዚያ መራቸው፤ ገመድ የሚፈትሹ ይምሰሉ አላቸው። ያለ አንዳች ክርክር መጋዛቸውን ይዘው ሄደው ተቀመጡ። አለመከራከራቸው ለምን እንደከበደው መሐንዲሱ ሊያስብበት አልፈለገም።

ዳይሬክተሯ መሀሉ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዘፈኑ ሲጀምር ዘፋኟ ሳሎኑ ውስጥ የቆመች መሰለ። ቤዙ ሲገባ ወለሉ በቀስታ ተነፈሰ። ዳይሬክተሯ ሻይዋን ረሳችው። ከዚያ እንደ ማንኛውም ባለሙያ የዕቃውን ጀርባ ለማየት ተነሳች።

አናጢው መጋዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

«አናጢው ናቸው» አለ መሐንዲሱ ሳትጠይቀው።

«አባቴ፣ ምነው እዚህ ተደበቁ?» አለች። አናጢው መጋዛቸውን ወለሉ ላይ አስቀምጠው ተነሱና እጃቸውን ለሰላምታ ከመዘርጋታቸው በፊት እንደገና በሱሪያቸው ጠረጉ።

የጣውላውን ጀርባ በመዳፏ ስትደባብስ ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። በተርታ የተደፈኑ የሚስማር ቀዳዳዎች ነበሩ። የምን ናቸው ብላ ጠየቀች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። መሐንዲሱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። አናጢው ቀና ብለው አዩትና ራሳቸው መለሱ።

«የሬሳ ሣጥን ላደርገው ነበር፤ መያዣውን ሁሉ መትቼበት ነበር። ሟቹ ከተነገረኝ በላይ ረዥም ሆነው አጠራቸው።»

ዳይሬክተሯ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች። ለእኛ ግን ልካችን ነው አለች። ለአዳራሹም ይሄው እንጨት ይሁን፣ አንተም ሰኞ ቢሮዬ ናና ስለ ኃላፊነቱ እንነጋገር አለችው። መሐንዲሱ እፎይ አለ። ይህን ያህል ቀን ለዚህ ሲጨነቅ መክረሙ ራሱ አሳፈረው።

«እንዲህ ያለ እጅ መቅረት የለበትም» አለች ዳይሬክተሯ ወደ አናጢው ዞራ። «ሙያውን የሚወርስ ልጅ አለዎት?»

አናጢው በርጩማዋ ላይ ተመልሰው ተቀመጡና በሁለቱ ጣውላዎች መሀል ወደ መሐንዲሱ አዩ። መሐንዲሱ አምፕሊፋየሩ ላይ አጎንብሶ መነካት የማያስፈልገውን ቁልፍ ይነካካል።

«የለኝም፣ ልጄ» አሉ አናጢው።

በሩ ተከፈተ። የጎረቤት ቤት የሰለቻት ልጅ ገባች። አባቷን አለፈችው፣ እንግዳዋንም አለፈቻት፣ በጣውላው ጀርባ ዞረችና ኮላው ሳያስፈራት የአናጢው ጉልበት ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

«አያቴ፣ ዛሬ ለምን ከኋላ ተቀመጥክ?»