የመምህር ኢያሱ ወባ

«ወባ ነበረብኝ» ይላል ኢያሱ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ይደነግጣል።

የላቦራቶሪው ሠራተኛ ሣህሌ ባዶውን የደም ከረጢት እንደያዘ ቀና ብሎ ያየዋል። «መቼ ነው የያዝዎት?»

«ባለፈው ሳምንት። መድኃኒቱን ገና መጨረሴ ነው።»

«እንግዲያው የእርስዎ አይሆንም።» ሣህሌ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። «ያሳዝናል፤ ደምዎ ከባለቤትዎ ጋር ገጥሞ ነበር።»

ወባ የለበትም። ከክረምት ወዲህ ራሱን እንኳ አላመመውም። መርፌውን ስላየ ነው። ለምርመራ ጣቱን ሲወጉት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተገላግሎ ነበር፤ ይኼኛው ግን የስክሪብቶ ቀፎ አክሎ ታየው።

ፈሪ የሚባል ሰው አይደለም። በትምህርት ቤቱ ግምገማ ላይ ካድሬ ፊት ቆሞ ሲከራከር ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ልብን ሰሌዳ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይስላታል፤ አራት ክፍሎቿን፣ በሮቿን፣ ደሙ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ። እውነተኛ ደም ግን ማየት አይችልም። በዓል በመጣ ቁጥር በጉ እስኪታረድ ድረስ ምክንያት ፈልጎ ከግቢ ይወጣል። ይህን የምታውቅ ሚስቱ ዓባይነሽ ብቻ ናት።

ዓባይነሽ ከኮሪደሩ ማዶ ተኝታለች። ጠዋት ሴት ልጅ ወለደች፤ ከዚያ ደሙ አልቆም ብሎ በስንት መከራ ቆመ። ሐኪሙ ሁለት ከረጢት ደም ያስፈልጋታል ብሏል። ደም የሚሰጠው ደግሞ የራስ ሰው ነው፤ ቦንጋ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ደም የለም። ወንድሟ ጣሰው ከዋጫ ተነስቷል ቢባልም ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶታል፤ ሚኒባሱ የት እንደቆመ የሚያውቅ የለም።

ኢያሱ ሲወጣ ኑዕማን እጅጌውን ጠቅልሎ በሩ ላይ ቆሟል። ከእነ ኢያሱ ቤት ፊት ለፊት ያለው ሱቅ የእሱ ነው። ወሬውን እንደሰማ ሱቁን ለሚስቱ ለካውሰር ትቶ መጣ፤ የእሱም ደም ገጥሟል።

«ቲቸር፣ ጨረስክ?»

«እኔማ… ወባ አለብህ ብለው መለሱኝ።»

«አብሽር፣ እኔ አለሁ።» ኑዕማን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ግን አንዴ ንገረኝ እስቲ። ያን ቀን ቀበሌ አዳራሽ ያልከው እውነት ነው አይደል? ተመልሶ ይሞላል ያልከው?»

የወጣ ደም አይመለስም የሚለው ሰው በከተማው ብዙ ነው። ኢያሱ በስብሰባው ላይ ተነስቶ ይህን ሲያፈርስ ሕዝቡ አጨብጭቦለት ነበር።

«ይሞላል» ይላል አሁንም። «ውኃው ወዲያው ይተካል። ቀዩን ደግሞ የአጥንትህ መቅኔ ቀስ እያለ ይሠራዋል። ልብህ ምንም አይሆንም፣ አትፍራ።» የሚናገረው ሁሉ ትክክል ነው። ያሳፈረውም ይኸው ነው።

«አንተ ካልክ በቃ» ብሎ ኑዕማን ቢስሚላህ እያለ ይገባል።

ዓባይነሽ ከንፈሯ አመድ መስሏል። እናቷ እትዬ ዘነበች ሕፃኗን ታቅፈው አጠገቧ ተቀምጠዋል። ኢያሱ የሚስቱን እጅ አንስቶ ጣቱን አንጓዋ ላይ ያሳርፋል። ምቱ ቀጭንና ጥድፍ ጥድፍ የሚል ነው። ምን ማለት እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ በክፍሉ የለም። ደም ሲያንስ ልብ ምቷን ታፈጥናለች፤ የቀረችውን ጥቂት ደም ለመላው ገላ ለማዳረስ። በየዓመቱ ፈተና ላይ ያወጣዋል። የዓባይነሽ ልብ በሌለ ደም እየሮጠች ነው፣ እሱ ደግሞ ሙሉ ደሙን ይዞ አጠገቧ ተቀምጧል። ራሱን ይጠላዋል።

ሣህሌ የኑዕማንን ደም ይዞ ይመጣል፤ ነርሷ ሰቅላ ትቀጥለዋለች። ኢያሱ ወደ ከረጢቱ አያይም።

«ይሄ ለጊዜው ያቆያታል» ይላል ሣህሌ። «ሁለተኛው ግን ዛሬውኑ መገኘት አለበት። ወንድሟን መጠበቅ አያዋጣም።»

«ባሏስ?» ይላሉ እትዬ ዘነበች። «ባሏ አለ አይደል እንዴ?»

«እሳቸው ወባ ይዟቸው ነበር።»

«ወባ?» አሮጊቷ ወደ አማቻቸው፣ ከዚያ ወደ ልጃቸው ይዞራሉ። «መቼ? እኔ ምነው ሳልሰማ?»

ኢያሱ ዓይኑን ወደ ወለሉ ይጥላል። ዓባይነሽ ዓይኗን ገልጣ ታየዋለች። ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ቁጣ የለባትም።

«ይዞት ነበር» ትላለች። ለመናገር ትንፋሿን መሰብሰብ ግድ ይሆንባታል። «ሲያንቀጠቅጠው ነው የሰነበተው። እንዳትሰጊ ብዬ ነው እማዬ።» ዓይኗን መልሳ ትከድናለች።

«በሉ እንግዲህ፣ ውጭ ያሉትን አስታማሚዎች ልለምን» ብሎ ሣህሌ ወደ በሩ ያመራል።

ኢያሱ ብድግ ይላል። «ሣህሌ!»

ሣህሌ በሩን እንደያዘ ይዞራል። «አቤት ቲቸር?»

እትዬ ዘነበች ሕፃኗን ለነርሷ ሰጥተው ተነስተዋል። ጋቢያቸውን አውልቀው በአማቻቸው ትከሻ ላይ ይደርባሉ፤ ግንባሩን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ።

«ይኸው፣ ላብ አጥምቆሃል! ገና መች ለቀቀህና። ቁጭ በል ልጄ፣ ሁለታችሁንም ማስታመም አልችልም።» እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው ወደ ወንበሩ ይጫኑታል።

ሣህሌ ይጠብቃል።

የአሮጊቷ እጅ ከባድ አይደለም። ኢያሱ ይቀመጣል።