እሷም ተቆጥራ እንደሆነ

የጤና ቢሮው የመረጃ ባለሙያ የወረርሽኙን ሟቾች ቁጥር በቢሮው የፌስቡክ ገጽ ላይ ከለጠፈች ጀምሮ ስድቡ ሲዘንብባት ዋለ። "ውሸታሞች!" "ሆዳሞች!" በመጨረሻ አንዱ፣ "ይሄን ቁጥር ከየት አመጣችሁት?" ሲል አንጀቷ አረረና፣ "ካንተ ጭንቅላት እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ" ብላ መለሰችለት። አጠገቧ የተቀመጠው ባልደረባዋ፣ "እሰይ፣ ልክ ልኩን ነገርሽው!" አላት።

ሰውየው ወዲያው ጻፈ። "ለክፋት አይደለም የጠየቅሁት። እናቴ ሐኪም ቤት ሳትደርስ ቤቷ ነው የሞተችው። እሷም ተቆጥራ እንደሆነ ብዬ ነው።"

ባለሙያዋ የደከመ ዓይኗን አሸች። ቢሮው የሚቆጥረው ሐኪም ቤት የሞተውን ብቻ ነበር። "አልተቆጠሩም። ነፍሳቸውን ይማር፤ ስለ አነጋገሬ ይቅር በለኝ" ብላ ጻፈች።

"ኧረ አብደሻል! መሥሪያ ቤቱን ልታሰድቢው ነው?" ባልደረባዋ እጇን ለቀም አደረገው።

"ከዚህ በላይ ምን ሊሰደብ?" አለችና በሌላኛው እጇ ላከችው።